ሐምሌን የሚያልፍ የሰኩለንት ቅንብር፦ በጎንደር የትኛውን ተክል፣ የትኛውን ዕቃ፣ የትኛውን ቦታ እንምረጥ?

ጎንደር ውስጥ ወፍራም ቅጠል ያላቸው ተክሎች እጅግ የሚያምሩት በጥር ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ኤቼቬሪያ የምትባለው ተክል ቅጠሏ ጫፉ ይቀላል። ለጥምቀት እንግዳ የሚጠብቅ ሰው በረንዳውን ለማሳመር የሚገዛቸውም ያን ጊዜ ነው። የሚሞቱት ግን በሐምሌ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቅንብሬን የሠራሁት በጥር፣ በሰፊ የመስታወት ሳህን ነበር፤ 14 ተክል ይዞ ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ የቀሩልኝ 3 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ከሥራቸው ጠቁረው፣ ቅጠላቸው እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ለስልሶ፣ ስነካቸው እጄ ላይ ቀሩ። የሸጠልኝ ሰው «በየቀኑ ጠብ ጠብ አድርጊላቸው» ብሎኝ ነበር፤ እኔም አምኜው በየማለዳው አጠጣኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ተክልም ሆነ ዕቃ ስመርጥ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ሐምሌን ያልፋል ወይ? ውበትና ዋጋ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ሰኩለንት የምንለው በቅጠሉ፣ በግንዱ ወይም በሥሩ ውሃ የሚያጠራቅም ተክል ነው። እሬት፣ ቁልቋል፣ በለስና እንዳሁላ ሁሉም ከዚሁ ወገን ናቸው። አብዛኞቹ የቅጠላቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በቀን ዘግተው የሚከፍቱት ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ የሚያባክኑት ውሃ ትንሽ ነው። ለዚህ ነው ወር ሙሉ ብትረሷቸው የማይቀየሙት። ሥራቸው ግን አየር ይፈልጋል። አፈሩ ለቀናት ረጥቦ ከቆየ ሥሩ ይታፈናል፣ ፈንገስ ይገባበታል፣ ይበሰብሳል። ጎንደር ደግሞ የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ሳትታይ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው። ያን ጊዜ የረጠበ አፈር የሚያደርቅለት አያገኝም።

የቃል ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ከውጭ ቋንቋ የተመለሰ ምክር «በክረምት ውሃ ቀንሱ፣ በበጋ አብዙ» ሲል ታገኙታላችሁ። ጸሐፊዎቹ ክረምት የሚሉት ውርጩን፣ በጋ የሚሉት ሙቀቱን ነው። እኛ ክረምትና በጋን የምንለየው በዝናብ ነው። የእኛ በጋ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝባቸውን ኅዳርንና ታኅሣሥንም፣ የሚያቃጥለውን መጋቢትንም ይዟል። ስለዚህ የወር ስም ሳይሆን የሰማዩንና የአፈሩን ሁኔታ ተከተሉ።

የትኛው ተክል?

ከውጭ ከመጡት ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚመርጠው ኤቼቬሪያን ነው፤ ቅጠሏ ዙሪያውን ተደርድሮ የፈካ ጽጌረዳ ትመስላለች። አብዛኞቹ ዝርያዎቿ የሜክሲኮ ተወላጆች ናቸው። ከ2,100 ሜትር በላይ የሆነው የጎንደር ከፍታና የሌሊቱ ቅዝቃዜ ይስማማታል፤ እንዲያውም ቀለሟ የሚደምቀው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳቷ ከቅርጿ ይመጣል። ቅጠሎቿ እንደ ሲኒ ስለሚከፈቱ ዝናቡ መሃላቸው ይቋጠራል፤ ልቧም ከዚያ ይበሰብሳል። ታዛ ወይም የተከደነ በረንዳ ለሌለው ሰው ኤቼቬሪያን አልመክርም፤ በጥር ያሳየችውን ውበት በሐምሌ ታስከፍላለች።

ጄድ የምትባለው ክራሱላ ከደቡብ አፍሪካ የመጣች ናት። እንደ ትንሽ ዛፍ ግንድ ታወጣለች፣ ቅጠሏ ሞላላና ወፍራም ነው፣ ከተያዘች ለአሥርት ዓመታት ትኖራለች። ለጀማሪ ከሁሉም የምመርጠው እሷን ነው። ሲጠማት ቅጠሏ ይሸበሸባል፤ ስታጠጧት በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይሞላል። ስለዚህ የተክሉን ቋንቋ ታስተምራለች። ዝናብ ከቅጠሏ ላይ ስለሚንሸራተት ከኤቼቬሪያ ይልቅ ክረምቱን ትችለዋለች፤ ሥሯ ግን ረግረግ ውስጥ ከቆመ እሷም አትድንም።

ሃዎርቲያ ትንሽና ሹል ናት፣ አንዳንዷ ነጭ ሰንበር አላት። የቀትር ፀሐይ ያቃጥላታል። ብርሃን እንጂ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ኤቼቬሪያ ገዝቶ ከሚያዝን ሃዎርቲያ ይያዝ። ኤቼቬሪያ ብርሃን ሲያጥራት አንገቷን አስግጋ ትረዝማለች፤ ቅጠሎቿ ይራራቃሉ፣ ያ ቅርጽም ወደ ነበረበት አይመለስም። የሚንጠለጠለው ሴዱም ደግሞ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ እጅግ ያምራል፤ ግን ቅጠሉ በንክኪ ይረግፋልና ሕፃናት ከሚሯሯጡበት መተላለፊያ አርቁት።

አሁን ወደ ራሳችን ተክሎች ልምጣ፤ ይህ ልቤ የሚያዝንበት ነገር ነው። እንዳሁላን ብዙዎቻችን የአጥር ሥር አረም አድርገን ነው የምናያት። እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው በዚሁ ዝናብ ውስጥ ነውና ሐምሌ አያስደነግጣትም። ቆርጣችሁ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ካደረቃችሁ በኋላ ብትተክሏት ትይዛለች። ቁመቷ ለቅንብር ጀርባ ይሆናል፤ ከፊቷ አጫጭሮቹ ይደረደራሉ። ማስጠንቀቂያው ይህ ነው፦ የእንዳሁላ ወገን የሆኑት ካላንቾዎች የከብትንና የበግን ልብ የሚያውክ መርዝ አላቸው። ግቢያችሁ ውስጥ በግ ወይም ፍየል ካለ ከአፋቸው በላይ ስቀሏት፤ የከረከማችሁትንም ሜዳ ላይ አትጣሉ።

እሬት ጠንካራ ናት። ከሥሯ ግልገል ስለምታወጣ ከአንዷ ብዙ ታገኛላችሁ። ነገር ግን በቅንብር ውስጥ ለጎረቤቶቿ ቦታ አትተውም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ዕቃውን ለብቻዋ ትወርሰዋለች። ብቻዋን ጠለቅ ባለ ሸክላ ብትተክሏት ትከብራለች። ቁልቋልን ግን በእጅ ለሚነካካ ቅንብር አልመክርም። ሲቆረጥ የሚፈሰው ነጭ ወተት ቆዳ ያሳክካል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ቦታው አጥር ነው፤ እዚያም ያምርበታል። ብዙ ሰው ካክተስ ይለዋል፤ እሾሁ ቢያመሳስላቸውም ቁልቋል ሌላ ቤተሰብ ነው። በለስ ግን እውነተኛ ካክተስ ናት፤ የመጣችውም ከሜክሲኮ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገርም አለ። እንደ ኤቼቬሪያ ቅጠሏን ዙሪያውን የምትደረድረው ኤዮኒየም በዓለም ላይ በይበልጥ የምትታወቀው በካናሪ ደሴቶች ቢሆንም ኤዮኒየም ሊዩኮብሌፋረም የተባለችው ዝርያ በኢትዮጵያ ደጋ አለት ላይ ትበቅላለች። ሮዙላሪያ ሴሚየንሲስ ደግሞ ስሟን ያገኘችው ከእኛው ከሰሜን ተራሮች ነው። ያየሁት ሰው ሁሉ በውጭ ተክል ፎቶ ሲማረክ እነዚህ ደጃችን ላይ መኖራቸውን ባወቀ እላለሁ። ይህን ያልኩት ግን ሄዳችሁ እንድትነቅሉ አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ጥብቅ ቦታ ነው፤ ከዚያ አንድ ቅጠል እንኳ አይወጣም። ለቅንብራችሁ ከጎረቤት ግቢ ወይም ከችግኝ ጣቢያ የተባዛ ውሰዱ።

አንድ ዕቃ ውስጥ ምን ከምን ጋር? ፀሐይ የሚወዱትን፣ ማለትም ኤቼቬሪያን፣ ክራሱላንና ሴዱምን አንድ ላይ፤ ጥላ የሚወዱትን ሃዎርቲያዎች ለብቻ። ሁለቱን ወገን ከቀላቀላችሁ አንዱ ሲቃጠል ሌላው ይረዝማል። ለስጦታ ከሆነ ጠጋ ጠጋ አድርጎ መትከል በተተከለበት ቀን የሞላ ያስመስለዋል፤ ለራሳችሁ ከሆነ ግን በመሃላቸው ሁለት ጣት ያህል ተዉ፤ በክረምት አየር የሚያልፍበት ያ ክፍተት ነው።

የትኛው ዕቃ?

እዚህ ላይ ምርጫዬ ግልጽ ነው፦ ያልተቀባ ሸክላ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው። ሸክላ በጎኑ ሁሉ ይተነፍሳል፤ አፈሩ ከላይም ከጎንም ይደርቃል። ለእኛ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከከተማው በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች መንደር ናት፤ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት የነበረች፣ አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል የሄዱባት ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሄጄ ሥሩ የተበሳ ዕቃ እንዲሠሩልኝ አንዲት እናት ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ውሃ የማይዝ ሸክላ ሠርቼ ማን ይገዛኛል?» አሉኝ። ለምን እንደፈለግሁት ስነግራቸው ጭቃው ሳይደርቅ በእንጨት ወጉልኝ። አሁን ስሄድ «ስንት ቀዳዳ?» ብለው የሚጠይቁኝ እርሳቸው ናቸው። ሳይተኮስ የተበሳ ሸክላ አይሰነጠቅም። የተተኮሰውን ራሳችሁ የምትበሱ ከሆነ ግን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ከዚያ በግንብ መብሻ ጥርስ፣ ያለ ምት፣ በዝግታ ብሱት።

አሮጌ ጀበናና ድስትስ? ያምራሉ፤ ነገር ግን ለዓመታት ዘይትና ቡና የጠጣ ሸክላ ቀዳዳው ስለተደፈነ እንደ አዲሱ አይተነፍስም። በስተሥሩ ከበሳችሁት ግን ለክራሱላ ይሆናል። ከእጃችሁ ወድቆ የተሰበረውንም አትጣሉ፤ ገሉ ለአፈሩ ይፈለጋል፤ ዝቅ ብዬ እመጣበታለሁ።

ፕላስቲክ በጎኑ አይተነፍስምና ውሃ ይዞ ይቆያል። ይህ በክረምት ጉዳት፣ በበጋ ጥቅም ነው። ለሥራ ወደ መተማ ወይም ባሕር ዳር እየተመላለሰ ሁለት ሦስት ሳምንት የሚቀር ሰው፣ ወይም ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰፈር ውስጥ ያለ ሰው ፕላስቲክ ቢመርጥ አልቃወምም፤ ብቻ ከሰኔ በፊት ዝናብ የማይደርስበት ታዛ ሥር ያስገባው። የዘይት ጀሪካን ወገቡ ላይ ቆርጣችሁ ሥሩን በጋለ ምስማር ብትበሱት ያው ሥራ ይሠራል። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ በምስማር ለመብሳት ቀላል ነው፤ ግን በመጋቢት ፀሐይ ሥሩን ያቃጥላል፣ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶም ይዝጋል። ቅጠል ለማራቢያ እንጂ ለዘለቄታ አይሆንም።

መስታወትን በመጨረሻ አስቀምጣለሁ። ብዙ ፎቶ ላይ የሚታየው፣ ሰውም የሚመኘው እሱ ነው፤ ግን ቀዳዳ የለውም፣ የገባው ውሃ መውጫ የለውም። ከሥሩ ጠጠር ብታነጥፉስ? ጠጠሩ የሚያደርገው ውሃውን ማጠራቀም ብቻ ነው። ቀዳዳ ባለው ዕቃም ቢሆን ደቃቅ አፈር እስኪጠግብ ድረስ ውሃውን ወደ ጠጠሩ አይለቅም፤ እርጥበቱ ከጠጠሩ በላይ፣ ልክ ሥሩ ካለበት ላይ ይቆማል። ስለዚህ ጠጠሩን ከሥር ማንጠፍ ሳይሆን ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ነው የሚበጀው። መስታወት የግድ ካላችሁ ቤት ውስጥ፣ ከሃዎርቲያ ጋር አድርጉት፤ አንድ ሲኒ ውሃ ሰጥታችሁ አፈሩ እስከ ታች ደርቆ በመስታወቱ ሲታያችሁ ብቻ ድገሙ።

አፈሩ

የግቢያችሁ አፈር ዋልካ ከሆነ እንዳለ አትጠቀሙበት። ዋልካ በክረምት ውሃ ይዞ ይጣበቃል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። የኔ መጠን እንዲህ ነው፦ አንድ እጅ ቀይ ወይም ልል አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለና የተነፋ ኮምፖስት፣ ሁለት እጅ ጠጠር። የወንዝ አሸዋ ካመጣችሁ በወንፊት ንፉትና የወረደውን ሳይሆን ላይ የቀረውን ውሰዱ፤ ደቃቁ አሸዋ ቀዳዳውን ይደፍናል። ለመንገድና ለግንባታ የሚያገለግለው ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል፤ በውስጡ ቀዳዳ ስላለው ውሃም አየርም ይይዛል። ያ ከሌለ ገሉን በመዶሻ አድቅቁና የሽምብራ ፍሬ አክሎ የቀረውን ጨምሩ። እኔ አሁን የምጠቀመው በብዛት ይህን ነው፤ ከወለቃ ስብርባሪውን ይሰጡኛል። ዕቃውን ሞልታችሁ ውሃ ስታፈሱበት ወዲያው ከሥሩ ካልወጣ ጠጠር ይጎድለዋል ማለት ነው።

የት ይቀመጥ?

የተጻፉ ምክሮች ሁሉ «ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት» ይላሉ። ያ ከእኛ ርቀው በስተሰሜን ላሉ አገሮች ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ከግማሽ ያህል ላይ ስላለች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ በቀትር ልክ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። በሁለቱ መሃል ወደ ሰሜን ታጋድላለች፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ። ስለዚህ የደቡብ መስኮት በጥር ፀሐይ ሞልቶት በሰኔ ባዶ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ የማይከዳው የምሥራቅ በረንዳ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ይመጣል፣ የቀትሩን ቤቱ ይከልላል። የምዕራቡ በመጋቢትና በሚያዝያ ያቃጥላል። ቤት ውስጥ የከረመ ተክል በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ከወጣ ቅጠሉ ላይ ነጭ ከዚያም ቡናማ ጠባሳ ይወጣል፤ ጠባሳው አይለቅም። በአንድ ሳምንት ወይም በሁለት ቀስ በቀስ አለማምዱት።

ታዛና ሜዳ ሲነጻጸሩ ለክረምት ታዛ ይበልጣል፤ ነገር ግን የጣራው ጠብታ የሚወርድበትን መስመር እዩ። ቆርቆሮ ጣራ አሸንዳ ከሌለው ጠብታው በአንድ ቦታ እየወረደ አፈሩን ይቆፍራል፤ ዕቃው ከዚያ መስመር ቢያንስ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ይግባ። እኔ ለሰኔ ሚካኤል አስገባቸዋለሁ፤ ለመስቀል አወጣቸዋለሁ።

ውሃው

በበጋ ሸክላ ላይ ያሉትን በ10 ቀን አንዴ፣ ፕላስቲክ ላይ ያሉትን በሁለት ሳምንት ከዚያም በላይ ቆይቼ አጠጣለሁ፤ ግን ቀን ከመቁጠር ጣት ማስገባት ይሻላል። ጣታችሁ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገብቶ እርጥበት ካገኘ ተዉት። ስታጠጡ ከሥሩ እስኪወጣ አጥጡ፤ ጠብ ጠብ ማድረግ ላዩን ብቻ አርሶ ሥሩን ይደልላል። ታዛ ሥር ባለ ዕቃ ላይ በሐምሌና በነሐሴ እኔ ፈጽሞ የማላጠጣባቸው ሳምንታት አሉ። ቅጠሉ ከተሸበሸበ ጠምቶታል፤ ቢጫ ሆኖ እንደ መስታወት ካሳለፈና ከለሰለሰ በዝቶበታል። ሁለቱን አለማምታታት ግማሹ ሥራ ነው።

ቅጠሎቹ መጋጠሚያ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው። ከፋርማሲ የሚገኘውን 70 በመቶ አልኮል በጥጥ ነክራችሁ ጥረጉት፤ በሳምንቱ ድገሙት፤ እስኪጠፋም ዕቃውን ከሌሎቹ ለዩት።

መግዛት ወይስ ማራባት?

ለበዓል የሚቸኩል ይግዛ፤ ሲገዛም ግንዱን ነቅነቅ አድርጎ ሥር መያዙን ይመልከት። ጊዜ ያለው ግን ያራባ። ከኤቼቬሪያ ቅጠል ሳይቀደድ ከነመሠረቱ ጠምዘዝ አድርጋችሁ አላቁ፣ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ላይ አድርቁ፣ ከዚያ በደረቅ አፈር ላይ አጋድሙት፤ በሳምንታት ውስጥ ቀጭን ሐምራዊ ሥር ይታያል፤ ለቅንብር የምትበቃ ተክል ለመሆን ግን ብዙ ወራት ይወስዳል። ክራሱላ በቅርንጫፍ ቶሎ ይይዛል። ኤዮኒየም በቅጠል አይራባም፤ ግንድ ይፈልጋል። ይህን ሥራ በጥቅምት ጀምሩት፤ ዝናቡ ያበቃል፣ ፀሐዩ ለስላሳ ነው፣ እስከ ቀጣዩ ክረምት ሥር ለመስደድ ስምንት ወር አላቸው።

እንግዲህ በበግና በፍየል መሃል የሚኖር ሰው ኤቼቬሪያንና ሃዎርቲያን ይምረጥ፤ ሁለቱም መርዝ የላቸውም። ግቢው ታዛ የሌለው፣ ከብትም የማይገባበት ሰው እንዳሁላንና እሬትን በሸክላ ይያዝ። ለኮንዶሚኒየም ሃዎርቲያ፣ ለመንገደኛ ክራሱላ በፕላስቲክ። ካጣሁት የመስታወት ሳህን የተረፉት 3ቱ ደግሞ ክራሱላዎች ነበሩ። ከግንዳቸው የጠቆረውን ሁሉ ቆርጬ፣ የተቆረጠው ነጭና ንጹሕ ሆኖ እስኪታየኝ ድረስ ወደ ላይ እየወጣሁ ቆረጥኩ፤ ሳምንት አድርቄ በወለቃው ሸክላ ተከልኳቸው። ዛሬ አንዷ ከክንዴ ትረዝማለች፤ ከሷ የተቆረጡት አሁን በእኅቴ ደጅ፣ በምሥራቁ በረንዳ ላይ ናቸው።